«ጦርነቱ ከማን ጋር ነው?»

"አበል አለው?"

ስልጠና አለ ብዬ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስለጥፍ መጀመሪያ የመጣው መልስ ይሄ ነው። ቀጥሎ "ሰርተፍኬትስ ቲቸር?" ከዛ ሰባት አውራ ጣት። አልተናደድኩም በውነት፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ለሻይ እረፍቱ ሳምቡሳ ብዬ የገባሁበት ስልጠና ብዛቱን አላውቀውም፣ ስለ ምን እንደነበር አንዱንም አላስታውስም፣ ሳምቡሳው ግን ምስር ነበረው።

ለማታውቁኝ፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። አምና ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን የኮሌጅ ተማሪዎችን በአየር ንብረት ለውጥና በአካባቢ ፍትህ ጉዳይ "መሪ" ምናደርግበት ስልጠና ጀመርን። መሪ የምትለዋን ቃል ያመጣናት እኛ አይደለንም፣ ፎርሙ ላይ ነበረች።

የመጀመሪያው ዙር አዳራሽ ተከራይተን ነው። ባነር አሰራን፣ ባነሩ ከመድረኩ ረዘመና ጫፉን ወደ ኋላ አጥፈን ሰቀልነው፣ የታጠፈችው ቃል "ፍትህ" ነበረች፣ እግዜር ያሳያችሁ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ። ካርቦን፣ ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ በ2004 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በፈረንጆቹ 2030 ልቀታችን 150 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ላይ ይቁም የሚለው እቅድ፣ ሁሉንም አስተማርኩ፣ ልጆቹም ስላይዱን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ተቀበሉኝ። ፈተና ሰጠን፣ ሁሉም ደፈኑት። እኔም ደስ ብሎኝ ልጨርስ ስል አፌ ላይ የመጣልኝን ጠየቅኩ፣ "እሺ፣ ዛሬ ማታ ደንገጎ ተራራ ላይ ከባድ ዝናብ ቢዘንብ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ያለው ሰው ማን ነው ሚነግረው?"

ዝም። ፕሮጀክተሩ ብቻ ነው ሚያጓራው። የተማሪዎቹ ክበብ ፕሬዝዳንት፣ በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነው እዚህ ሚማረው፣ "ሜትሮሎጂ" አለ። ሜትሮሎጂ ለማን ይነግራል? "ለሚመለከተው አካል።" እሺ የሚመለከተው አካል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነው ያለው? ሳቁ።

ከኋላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ፣ እጇን እንኳን ሳታወጣ "እናቴ ደንገጎ ሲጠቁር ካየች እቃዋን ትሰበስባለች፣ ጎረቤቶቿም እሷን አይተው ይሰበስባሉ" አለች። እናቷ ደቻቱ አሸዋው ላይ ነው ምትነግደው። በቃ ያችን አረፍተ ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ሁለት ቀን ካወራሁት ውስጥ እሷን የሚያህል አልነበረማ።

ድሬን ለማታውቁ ደቻቱ ወንዝ ነው ሲባል ውሃ እንዳትጠብቁ። አሸዋ ነው። አመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ባጃጅ ይሄድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ አሸዋ ይወጣበታል፣ ይነገድበታል። ከተማዋ ራሷ ከወንዙ ግራና ቀኝ ነው የተዘረጋችው፣ ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ሲደርስ በአንድ በኩል ከዚራ ቀጥ ባለ መንገድና በዛፍ ተሰራ፣ በዛኛው በኩል መጋላ ሰው እንደመጣ እንደመጣ ሰፈረበት። ከዛ ሰው ሲበዛ ቦታ ያጣው ወደ ወንዙ ጠጋ፣ ወደ ወንዙ ጠጋ። ማንም ጎርፍ ወዶ አይጠጋም፣ ኪራዩ ነው ሚገፋው።

ችግሩ ምንድነው፣ እኛ ወደ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ ከላይ ሐረማያ መስመር ያለው ደጋ 2000 ሜትር ነው። እዛ ሲዘንብ እዚህ ላይዘንብ ይችላል። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኖ፣ ሙቀቱ ሰውን በረንዳ ላይ አስተኝቶ፣ ውሃው ከተራራው እየወረደ ነው። ቁልቁለቱ ስለሚጣደፍ ለማስጠንቀቅ ያለህ ጊዜ በሰዓት ነው ሚቆጠረው፣ እሱም ላይ ያለ ሰው ካየ ነው።

1998 ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ እንደዛ ነው የመጣው። እኔ አስር አመቴ ነበር። አባቴ በእንቅልፍ ልቡ ድምፁን ሰምቶ "ዛሬ ደሞ በዚህ ሰዓት ከጅቡቲ ምን መጣ" አለ፣ የእቃ ባቡር መስሎት። እኛ ቤት ውሃው አልደረሰም፣ ከወንዙ ራቅ እንላለን። ጠዋት ነው ያወቅነው። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤቱን አጣ። በሳምንቱ ደሞ ደቡብ ኦሞ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰው ሞተ፣ እኛ የራሳችንን ለቅሶ ሳንጨርስ ሬዲዮው ስለነሱ ማውራት ጀመረ፣ እናቴ "ዝጊው" ስትል ትዝ ይለኛል። የአክስቴ ጎረቤት ግድግዳ ላይ ጭቃው የደረሰበት መስመር ከኔ ቁመት በላይ ነበር። ሰውዬው ከዛ በኋላ ሁለት ሶስቴ ቤቱን ቀለም ቀብቷል፣ ሁሌ ግን ከመስመሩ በላይ ነው ሚቀባው፣ ታችኛውን አይነካውም። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ከዛ በኋላ ግንብ ተሰርቷል፣ ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ ድንጋይ) ተደርድሯል፣ ጠቅሟልም፣ ዝም ብዬ አላጣጥልም። ግን በ2012 ሚያዝያ ኮሮና ብለን ቤት ተቀምጠን እያለን ጎርፍ መጥቶ ሰው ሞቷል። ግንብ ውሃን ያቆማል እንጂ ወንዙ ውስጥ ለዕለት እንጀራ የገባን ሰው አያወጣም።

ስለዚ ሁለተኛው ዙር ላይ አዳራሽ ቀረ፣ አበልም ቀረ። ሃያ ሁለት የነበሩት አስራ አራት ሆኑ። ትተው በሄዱት አልፈርድም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርቶ ራሱን ሚያስተምር ልጅ አለ፣ "መሪ ሁን" ብለህ የምሳውን መቶ ብር ልታሳጣው ነው እንዴ፣ ይሄንን ስልጠና አዘጋጆች ሁሌ እንረሳለን። (ኋላ ላይ የትራንስፖርት የምትሆን ነገር አፈላልገን ሁለቱ ተመለሱ።)

መጀመሪያ የላክናቸው ደቻቱ አሸዋው ላይ ነው፣ ስራቸው አንድ ብቻ፣ ጠይቁ፣ አታስተምሩ። ማን የት ይተኛል፣ ማን ስልክ አለው፣ ማን ሮጦ መውጣት አይችልም፣ በምን ቋንቋ ያወራል። ቀላል መሰላቸው። ፕሬዝዳንታችን የዝምተኛዋ እናት ጋ ሄዶ፣ ጎርበስ ብሎ በትህትና፣ "እናቴ፣ እርስዎ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር ማህበረሰብ ለመገንባት ምን ያስባሉ?" አላት። መጀመሪያ "እርስዎ" ስትባል ዞር ብላ ማን መጣ ብላ ፈለገች፣ ድሬ ውስጥ አንቱታ ሚባል ነገር የለም፣ ከንቲባም ይሁን ቆሻሻ ሰብሳቢ አንተ ነው። ቀጥላ "የማይበገር ማለት ምንድነው?" አለችው። አስረዳት፣ ማለት ምንም ቢመጣ የማይነቃነቅ ምናምን። አሰብ አረገችና "እሱማ ድንጋይ ነው። ድንጋይም ቢሆን እኮ ደቻቱ ይዞት ይሄዳል" አለችው።

እስከ ዛሬ ስንት ወርክሾፕ ተቀምጬ ያንን ቃል እንደሷ የተቸው ሰው አልሰማሁም።

በዛ ሳምንት የሰበሰቡት ነገር ደብተር ሞላ። አሸዋ የሚያወጡት ልጆች አብዛኞቹ እዛው ዳር ላይ ነው ሚያድሩት፣ ስልካቸውን ቻርጅ ሚያረጉት በሁለት ቀን አንዴ ከሱቅ ነው። አንዲት አዛውንት እግራቸው አይታዘዝም፣ በር ላይ ነው ሚውሉት። ሶማሊኛ ብቻ ሚያወሩ አሉ፣ ኦሮምኛ ብቻ ሚያወሩ አሉ፣ ሁሉንም የሚቀላቅሉ (እንደኔ) አሉ። ከሺኒሌ፣ ሶማሌ ክልል፣ የመጣ አንድ ልጃችን ደሞ አንዱን አሸዋ አውጪ ሲያናግረው የሀገሩ ሰው ሆነ፣ ሰውዬው እዛ ያሉትን ከብቶች ያ ዝናብ ተከታትሎ የቀረበት ድርቅ ጨርሶበት ነው ከተማ የገባው። ድርቅ አሳዶት መጥቶ ጎርፍ መንገድ ላይ ተኛ ማለት ነው። ልጁ ይሄንን ለግሩፑ ሲናገር ድምፁ ተቆረጠ፣ እኔም ስላይዴ ላይ "ድርቅ" እና "ጎርፍ" ለየብቻ ገጽ ላይ እንዳስቀመጥኳቸው ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ ወደ ላይ። ደንገጎን በሚኒባስ ወጣን፣ መንገዱን ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ሁለት ልጆች አስታወኩ። ሐረማያ ሀይቅን አሳየኋቸው፣ እኔ ልጅ እያለሁ ደርቆ አሸዋ ሆኖ ነበር፣ ከብት ሚሄድበት፣ ጫቱም ጠጣው፣ ፓምፑም ጠጣው፣ ደለሉም ሞላው፣ አሁን ተመልሶ ውሃ ይዟል ግን ሐረር ውሃዋን ፍለጋ ወደኛ ቆላ ወርዳ ከአሰሊሶ ሽቅብ መግፋት ጀምራ ነበር። ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው ሚፈሰው ብዬ አስተምራለሁ፣ እኛ ጋ ግን በናፍጣና በመብራት ወደ ላይም ይፈሳል።

ልጆቹ የመጡት ለገበሬዎቹ ስለ ደን መጨፍጨፍ ሊያስረዱ ነው፣ ጠይቁ እንጂ አታስተምሩ ብያቸው ነበር፣ ግን ስሜታቸው ያው ነው፣ እነዚህ ሰዎች ዛፍ ቆርጠው ጎርፉን እኛ ላይ ይለቁብናል። አንድ ሽማግሌ እርከኑ ላይ ተቀምጠው ጫታቸውን እየቃሙ ሰሟቸው። ዝምተኛዋ ነበረች ምታስተረጉመው። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፣ "ዛፉን ቆርጬ አልበላሁትም። ከሰል አረግኩት። ከሰሉን ማን ገዛው? እናንተ ሰፈር ቡና ሚፈላው በምንድነው?" አንዱ ልጅ በሲሊንደር ብሎ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዘጋው።

እዛች ጋ ነው ለኔ የአካባቢ ፍትህ ሚባለው ነገር ትምህርት የሆነው። ቃሉ ከአሜሪካ እንደመጣ ነግሬያቸው ነበር፣ በፈረንጆቹ 1982 ኖርዝ ካሮላይና ዋረን ካውንቲ ጥቁሮች የሚበዙበት ሰፈር መርዛማ አፈር ሊደፋ ሲል ሰዉ መንገድ ላይ ተኝቶ መኪናውን እንደከለከለ፣ ከ500 በላይ ሰው እንደታሰረ፣ አፈሩ ግን በመጨረሻ እዛው እንደተደፋ። ቆሼንም ነግሬያቸው ነበር፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሻሻው ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀበረ፣ የመላው አዲስ አበባ ቆሻሻ ነው፣ የሞቱት ግን ከስሩ ጎጆ የቀለሱት ናቸው። ሁለቱንም ጻፉ፣ ፈተና ላይም መለሱ። ግን እነዛ ታሪኮች ላይ ጥፋተኛው ሩቅ ነው፣ ደህና ነገር ነው ሩቅ ጥፋተኛ፣ ትቆጣለህ በቃ። ሽማግሌው ከሰሉን ሲያነሱ ልጆቹ ራሳቸውን ታሪኩ ውስጥ አገኙት፣ ከላይም የሳቸው ድህነት አለ፣ ከታችም የአሸዋ አውጪው አለ፣ መሀል ላይ እኛ ቡናችንን እያፈላን።

ችግኝ ጉዳይ ደሞ ሳልል አላልፍም። በ2011 ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል እኔም ተክያለሁ፣ ፎቶም አለኝ። ሽማግሌውን "እዚህስ ተተክሎ ነበር?" ስንላቸው በእጃቸው ተዳፋቱን አሳዩን፣ የያዘም አለ ያልያዘም አለ። የያዘው የትኛው ነው ስንል፣ አጥር ያለውና የሰው ጓሮ አጠገብ ያለው። ጠባቂ ያለው ነዋ። ልጆቹ ቆጠሩት፣ ከዛ ወዲህ ክበቡ ችግኝ ተከላ ሲጠራ "ማን ያጠጣዋል?" ሚል አንድ ተማሪ ሁሌ አለ፣ አዘጋጆቹ ይጠሉታል።

ከሽማግሌው ጋር ስራ ጀመርን። የዝናብ መለኪያ አልነበረንም፣ የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠን፣ መስመር አስምረን፣ እንጨት ላይ አሰርን። ቀዩ መስመር ጋ ቶሎ ከሞላ ይደውላሉ። "ካርድ ከሌለኝስ?" አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚ ሚስኮል ሆነ፣ ሶስት ሚስኮል ተከታትሎ ከመጣ ከባድ ዝናብ ነው ማለት ነው። ፈረንጅ በሳተላይት ይስራው፣ የኛ በሚስኮል ነው፣ ሂሳብ አይቆርጥም።

መሀል ላይ የቢሮ ነገር አለ፣ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። አንድ ሰፈር የጎርፍ መውረጃው ቱቦ በቆሻሻ ተደፍኗል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው ቤት ውስጥ ነው ሚገባው። ልጆቹ አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንብበዋል፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጁን፣ አንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ደሞ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በጣም ደስ ሚል አንቀጽ ነው። ደብዳቤ ጽፈው ፎቶ አያይዘው ወደሚመለከተው ሄዱ፣ የት እንደሆነ ይቅርብኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን ላካችሁ?" ሁለተኛው "ደብዳቤው ማህተም አለው?" ነበር። ተማሪ ማህተም ከየት ያመጣል። ነገ ኑ ተባሉ፣ ነገ ሄዱ፣ ሰውዬው ስብሰባ ነው። አራተኛው ቀን ላይ ፕሬዝዳንታችን አንቀጹን ጮክ ብሎ አነበበው፣ ሰውዬው "አንተ ጠበቃ ነህ?" አለው፣ "አይደለሁም፣ ማንም ሰው ነው የሚለው" አለው። ደብዳቤውን ተቀበሉት፣ ቁጥርም ሰጡት። ቱቦው ግማሹ ተጠረገ፣ ግማሹ እስካሁን እንዳለ ነው። ልጁ ግን ከዛ ቀን ወዲህ "የሚመለከተው አካል" ሲል ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ርዕሱ።

ሐምሌ ላይ ሙከራ አደረግን፣ ማለት ጎርፍ መጣ ብለን ሰዉ እንዴት እንደሚወጣ ምናይበት። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀን በፊት ዞረን ነግረናል። ከዛ በፊት ልጆቹን ቁጭ አርጌ ጎፋን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበረውን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ናቸው፣ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ያዛቸው። ስለዚ ማንም ጀግና አይሆንም፣ ወንዝ ውስጥ ማንም አይገባም፣ ከዳር ሆናችሁ ነው ምታስጠነቅቁት አልኩ።

ሜጋፎኑን ፕሬዝዳንቱ ያዘ። በአማርኛ "ጎርፍ መጣ!" አለ። ጥሩ። በሶማሊኛ "ዳድ!" አለ፣ የሺኒሌው ልጅ አስጠንቶት። ጥሩ። ከዛ በኦሮምኛ "ሎላ! ሎላ!" እያለ አሸዋውን ዳር ዳሩን ሮጠ።

ኦሮምኛ ለማትችሉ፣ ጎርፍ ሎላ ነው፣ መጨረሻዋን "ላ" ረዘም አርገህ ትስባታለህ። ጦርነት ወይም ጠብም ሎላ ነው፣ እሱ ግን ያጥራል። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ማለት ነው፣ ሲጻፍ ጎርፉ መጨረሻው ላይ ሁለት ኤ አለው፣ ጦርነቱ አንድ። በኛ ፊደል ግን ሁለቱም ያው "ሎላ" ናቸው፣ ልጁም ወረቀቱ ላይ በፊደል ጽፎ ነው የያዘው። አጭሯን ጮኸ።

መጀመሪያ ጭር አለ። ከዛ አሸዋ አውጪዎቹ አካፋቸውን ይዘው ወጡ፣ ለመሸሽ አይደለም፣ ለመደባደብ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ጠሩ። አንዱ ባጃጁን አዙሮ በረረ። እነዛ እግራቸው የማይታዘዝ አዛውንት በራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ምንም ሳይደነግጡ፣ ፕሬዝዳንቱን እጁን ያዝ አድርገው ጠየቁት፣ "አቦ፣ ጦርነቱ ከማን ጋር ነው?"

ዝምተኛዋ ከሩቅ እየሮጠች መጣች፣ ሜጋፎኑን ቀማችው፣ አስረዳች፣ ሰፈሩ ሁሉ መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። ፕሬዝዳንቱም ሳቀ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔም ስቄ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ፣ እዚህ ሀገር በዚህ ጊዜ በሌሊት ያንን ቃል ብንጮኸው ምን ይፈጠር ነበር? እኔ እኮ አጽድቄዋለሁ ያንን ወረቀት። ኦሮምኛ እችላለሁ። በፊደል ስለተጻፈ አይኔ ረጅሙን ነው ያነበበው፣ ስለማውቀው፤ የማያውቀው ልጅ እንዴት እንደሚያነበው አልታየኝም።

በማግስቱ ስንገመግም ሁሉም መፍትሄ አመጣ፣ ቃሉን በድምፅ እንቅዳው፣ በቁቤ እንጻፈው፣ አፕ እንስራ (ሁሌ አፕ የሚል አንድ አለ)። ዝምተኛዋ "ለምን ቃል አስፈለገ?" አለች። ኤለመንተሪ እያለች የትምህርት ቤት ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ሚመታው፣ የሁላችንም ትምህርት ቤት ያው ነው፣ ያንን ድምፅ የማያውቅ የለም። ቸርኬ እንስቀል አለች። ከጋራዥ ሁለት አሮጌ ቸርኬ ለመንን፣ አንዱ የዝምተኛዋ እናት ምትነግድበት አጠገብ፣ አንዱ ታች ተሰቀለ። ዞረን ለሁሉም በየቋንቋው ነገርን፣ ቸርኬ ሲመታ ወጣ ነው፣ ሌላ ምንም ትርጉም የለውም። ህጻናት ለጨዋታ እንዳይመቱት ብረቱን እናትየው ትይዘዋለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ወደ ሰባት ሰዓት ሶስት ሚስኮል መጣ። ስልኩ ላይ ከተመዘገቡት አምስት ልጆች ሶስቱ ስልካቸው ጠፍቶ ነበር፣ የኔም። የሰሙት ዝምተኛዋና የሺኒሌው ልጅ ናቸው። ቸርኬው ተመታ። ሰዉ ወጣ፣ ህጻን ታቅፎ፣ ፍራሽ ተሸክሞ፣ አዛውንቷን በቃሬዛ፣ ግንቡ ላይ ተደርድሮ እስከ አስር ሰዓት ቆመ። የመጣው ውሃ ቁርጭምጭሚት አልደረሰም። ቀጭን ቡናማ ነገር አሸዋው መሀል እየተጥመለመለ አልፎ ሄደ።

ሰዉ ተሳደበ። ልክ ነው ይሳደብ፣ አሸዋ ሚያወጣ ሰው እንቅልፉ ነው ጉልበቱ። አንዱ "ሁለተኛ ብትመቱት ቸርኬውን ለቁራሊዮ ነው ምሸጠው" አለ። በትምህርቱ አለም የሐሰት ማስጠንቀቂያ ምንለው ነገር ነው፣ ሁለት ሶስቴ ከተደጋገመ እውነተኛው ሲመጣ ማንም አይነሳም፣ ስላይድ አለኝ ስለሱ። ስላይዱ ግን ጠዋት ላይ ምን እንደምታደርግ አይልም።

እኔ የሰማሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ስልኬን ስከፍት። ሮጬ ስሄድ ልጅቷ እዛው ናት፣ ሳትተኛ፣ ቤት ለቤት እየዞረች። ይቅርታ እየጠየቀች መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጠርሙሱን ይዛ ነው። በጠዋት ሚኒባስ የሚወርድ ዘመዳቸውን አስልካ ከሽማግሌው አስመጥታው፣ ውሃው እላዩ ላይ እንዳለ፣ ቀዩን መስመር አልፎ፣ አፉ በፌስታል ታስሮ። "ይሄ ነው የዘነበው፣ እዩት። ሌላኛው ተዳፋት ላይ ስላልዘነበ ነው ያልደረሰው" ትላለች ለእያንዳንዱ። ሰዉ ጠርሙሱን እየተቀበለ ብርሃን ላይ ያየዋል። ቁራሊዮ ያለው ሰውዬ አገላብጦ አገላብጦ አየውና "ይሄ ሁሉ?" አለ። ቡና ተፈልቶ ነበር እናቷ ጋ፣ የድሬ ውሃ መቼም ጀበናን ከውስጥ ድንጋይ ያለብሳል፣ ያቺ ጀበና ክብደቷ ሁለት እጥፍ ሆኗል፣ እዛው ተቀምጠን ሶስቱንም ጠጣን። ሰውዬውም መጣ። ስለ ቸርኬው ያነሳ የለም።

ዘንድሮ አዲስ ዙር ተመዝግቧል። ግሩፑ ላይ የመጀመሪያው መልስ ያው "አበል አለው?" ነው፣ ልመልስ ስል እሷ ቀድማ "ቡና አለ" ብላ ጻፈች። መክፈቻው ባለፈው ቅዳሜ ነበር፣ አሸዋው ላይ፣ ባነር የለም። አስራ ሰባት ልጅ ክብ ሰርቶ ቆሟል፣ መሀል ላይ እሷ፣ እናቷ ከድንኳኗ ስር ሽንኩርት እየደረደረች ታያቸዋለች። ፕሬዝዳንቱ አሁን አምና የተማረ ተብሎ ረዳት ሆኗል፣ ሜጋፎን ግን አንሰጠውም።

"ሎላ በሉ" አለቻቸው።

"ሎላ!"

"አሁን የጠራችሁት ጦርነት ነው። እንደገና።"

"ሎላአ!"

"ረዘም አርጉት።"

ከድንኳኑ ስር እናትየው ሽንኩርቷን ትታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ፕሬዝዳንቱ ከሁሉም ጮክ ብሎ "ላ"ውን እየጎተተው ነው፣ ባጃጆቹ ቆመው ያዩናል።